ዕቁቡ ሲወጣልሽ ጀንፈል አትግዢበት

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ የ33 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ጅማ፣ ጅረን አካባቢ ሲሆን በአንድ የግል ትምህርት ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት፣ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ። በነሐሴና በመስከረም ደግሞ በምዝገባው ምክንያት ብዙ ጊዜ እስከ ምሽት እቆያለሁ። ግብርም ጡረታም ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 9 ሺህ ብር ገደማ ነው። ባለቤቴ የሰው ባጃጅ ይሾፍራል፤ ለባለንብረቱ የቀን ገቢውን አስረክቦ የተረፈውን ለቤት ኪራይና ለልጆች ያውላል። ሁለት ልጆች አሉን። አማቴም ከእኛ ጋር ይኖራሉ።

ባለፈው ዓመት ሰቃ የሚኖሩት እናቴ ታመው ቀዶ ሕክምና አስፈለጋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ድነዋል። ለሕክምናው 85 ሺህ ብር ወጣ። 45 ሺሁን ጅዳ የምትሠራው ታላቅ እህቴ አበደረችኝ። የቀረውን 40 ሺህ ብር ከአንዲት የሰፈራችን ነጋዴ በወር 10 በመቶ አራጣ ተበደርኩ። 40 ሺህ ብር ወስጃለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ወለዱ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ሰባት ወር ሙሉ በየወሩ 4 ሺህ ብር በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ ዋናው ዕዳ አልተነካም። ባለቤቴ ሃይማኖቱን አጥባቂ ነው። ወለድ ሐራም መሆኑን እኔም ስለማውቅ አፍሬ፣ ገንዘቡን በሙሉ እህቴ እንዳበደረችኝ ነግሬዋለሁ። በዚህ ላይ ከሱቅ በዱቤ የወሰድኩት 8 ሺህ ብር ደርሷል።

20 ሰው ያለበት የ2 ሺህ ብር ወርኃዊ ዕቁብ አለኝ። እስከ መስከረም ወር ድረስ ዐሥራ አንድ ሰው ወስዷል፤ ለእኔ ገና አልወጣልኝም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ “ዕቁቡ ሲወጣልሽ በኅዳርና በታኅሣሥ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ክረምት ሲገባ ሸጠሽ ዕዳሽን ሁሉ ትከፍያለሽ” ብላኛለች። ሌሊት ተነሥቼ እንጀራ ጋግሬ ለምግብ ቤት ማቅረብ፣ ማታ ማታ ልጆች ማስጠናት፣ በስልክ የሚሠራውን ሥራ መሞከር፣ ሁሉንም አስቤያለሁ። መደበኛ ሥራዬን ሳልለቅ ዕዳዬን የምከፍልበት ትርፍ ገቢ ለማግኘት የትኛው ይሻለኛል?

ምስጢሯ የከበዳት፣ ከጅማ

*

እህቴ፣

እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። በደብዳቤሽ አፍሬ ብለሽ ራስሽን ስለወቀስሽ አስቀድሜ ይህን ልበልሽ፤ እናቱ ሐኪም ቤት ተኝታ ገንዘብ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የወለዱን ልክ ተከራክሮ የሚያስቀንስበት ፋታ የለውም። ያደረግሽው ልጅ ለእናቱ የሚያደርገውን ነው። አሁን እናትሽ ስለዳኑ ያን ጊዜ ያልነበረሽ ፋታ አለሽ፤ እንጠቀምበት።

የጠየቅሽኝ ስለ ሥራ ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። ነገር ግን ሙያሽ ሒሳብ ነውና በሒሳብ ልጀምር። በ40 ሺህ ብር ላይ በወር 10 በመቶ ማለት በዓመት 48 ሺህ ብር ነው። ወለዱ ብቻውን ከዋናው ገንዘብ ይበልጣል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። በዚያ ልክ ቢታሰብ የሰባት ወሩ ወለድ 2,800 ብር ነበር። አንቺ የከፈልሽው 28 ሺህ ብር ነው። ዐሥር እጥፍ!

አሁን ትርፍ ሥራ አገኘሽ እንበል። ማታ ማታ ከልጆችሽ ተለይተሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓትሽን ሠውተሽ በወር 4 ሺህ ብር አመጣሽ። የት ይገባል? በቀጥታ ወደ አበዳሪሽ ቤት። ዕዳሽ በዓመቱ መጨረሻም ያው 40 ሺህ ብር ይሆናል፤ የሚጨምረው ድካምሽ ብቻ ነው። ስለዚህ “የትኛው ሥራ ይሻለኛል” ለሚለው ጥያቄሽ የመጀመሪያው መልሴ፣ ካሰብሻቸው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ገቢ የሚያስገኝልሽ ይህን አራጣ መዝጋት ነው የሚል ነው። በወር 4 ሺህ ብር ከቤትሽ እንዳይወጣ ማድረግ በወር 4 ሺህ ብር ከማግኘት አይለይም። እንዲያውም ይሻላል፤ ጉልበትም ጊዜም አይጠይቅሽም።

መዝጊያው ደግሞ እጅሽ ላይ አለ። ሃያ ሰው በ2 ሺህ ብር 40 ሺህ ብር ነው። ዕቁብሽና የአራጣው ዋና ገንዘብ ልክ ለልክ ናቸው። ደብዳቤሽን ሳነብ ይህን አለማየትሽ አልገረመኝም፤ ሰው ዕቁቡን ለትልቅ ነገር፣ ለመሻሻያ ነው የሚያስበው፤ ዕዳ ላይ ሲያውለው የባከነ ይመስለዋል። አልባከነም። ወዲያው የዕቁባችሁን ዳኛ ሄደሽ አነጋግሪ። ዕቁብ ይህን ያህል ጊዜ የቆየው ለችግርተኛ ቅድሚያ መስጠት ስለሚያውቅ ነው። “እናቴን አሳክሜ ዕዳ ላይ ነኝ፤ የጥቅምቱን፣ ካልሆነም የኅዳሩን ስጡኝ” ብትዪ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ስለ አራጣው ማውራት አይጠበቅብሽም። ዋስ ከጠየቁሽ የደመወዝሽን ሁኔታ የሚያውቅ ባልደረባ አቅርቢ።

ዳኛው ካልተስማማ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው ከአንቺ ጋር ተራ እንዲቀያየር ለምኚ። በብዙ ዕቁብ ውስጥ ዕጣ መግዛት የተለመደ ነው፤ ለባለዕጣው ትንሽ ገንዘብ ተከፍሎት ተራውን ይለቃል። አንቺ ይህን በሃይማኖትሽ ዐይን ማየት ትፈልጊ ይሆናል፤ የምታምኚውን ዐዋቂ ጠይቂ። በሒሳብ ዐይን ግን አንድ ወር በዘገየሽ ቁጥር የምታጪው 4 ሺህ ብር መሆኑን አትርሺ። ይህም ባይሆንልሽ የትምህርት ቤቱን ባለቤት የደመወዝ ብድር ጠይቂ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሠረት በአንድ ጊዜ ከደመወዝሽ የሚቆረጠው ከሲሶው መብለጥ ስለማይችል ቤትሽ ባዶ አይቀርም። በአካባቢሽ የገንዘብ ቁጠባና ብድር የኅብረት ሥራ ማኅበር ካለም ጠይቂ፤ አብዛኞቹ ግን ለመበደር ለተወሰኑ ወራት መቆጠብን ስለሚጠይቁ ዛሬ ገብተሽ ነገ አይደርስልሽም።

አሁን ስለ ጀንፈሉ። ባልደረባሽ ክፉ አላሰበችም። ጅማ ውስጥ በቡና ወቅት ይህ ምክር በየቡና ጠጡ ይሰማል፤ ያተረፈም ሰው አለ። ለአንቺ ግን ከሁሉ የከፋው ሐሳብ ይህ ነው፤ ለምን እንደምል ልዘርዝር።

ዕቁቡን በኅዳር ወስደሽ ጀንፈል ብትገዢበት እስከ ሰኔ ሰባት ወር ይቀመጣል። በእነዚያ ሰባት ወራት አራጣው 28 ሺህ ብር ይበላል። ስለዚህ በ40 ሺህ ብር የገዛሽው ጀንፈል ሳታተርፊም ሳትከስሪም እንድትወጪ ብቻ 68 ሺህ ብር መሸጥ አለበት፤ ዋጋው በ70 በመቶ መጨመር አለበት ማለት ነው። የማከማቻውን፣ የጆንያውንና የማጓጓዣውን ወጪ ገና አልነካሁም። የቡና ዋጋ ደግሞ ጅማ ላይ አይወሰንም። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የአንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) አረቢካ ቡና ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ ሁሉም ሰው ስለ ቡና የሚያወራው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ግን ያው ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ፣ በዚያው በጅማ ዞን ለገበሬው ለቀማው የማያዋጣበት ጊዜ ደርሶ ነበር። በዕድሜ የገፉ የአጋሮና የሊሙ ሰዎችን ብትጠይቂ ይነግሩሻል።

ሌላም አለ። ቡና መነገድ ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ ገዝቶ ማከማቸት ሕገወጥ ነው፤ ከተያዘ ንብረቱ ሊወረስ ይችላል። አየሩም አያግዝሽም። ጅማ እርጥብ ነው፤ በደንብ ያልደረቀ ጀንፈል መኖሪያ ቤት ጥግ ከተቆለለ ይሻግታል፤ የሻገተ ቡና ደግሞ በደህና ጊዜ ዋጋም ቢሆን ገዢ የለውም። ጀንፈል አከማችቶ መሸጥ ራሱን ችሎ ሙያ ነው። እርጥበቱን በእጁ ጨብጦ፣ በጥርሱ ሰብሮ የሚያውቅ፣ መጋዘን ያለው፣ ቢከስርም ልጆቹ የማይራቡበት ሰው ይሥራው። ከዕዳ ወጥተሽ፣ ፈቃድ አውጥተሽ፣ የራስሽን ገንዘብ ይዘሽ ብትገቢበት አልከለክልሽም። በአራጣ ላይ ቆመሽ ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ዕቁቡ እጅሽ ሲገባ ገንዘቡን እንዴት እንደምትከፍዪም አስቢበት፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋር ነው። እስካሁን የሰጠሽው ሁሉ በእጅ ነው፤ ደረሰኝ የለሽም። ከዛሬ ጀምሮ አንድም ብር በጥሬው አትስጪ፤ በባንክ ወይም በስልክ አስተላልፊ፣ ማስረጃውንም አስቀምጪ። ዋናውን ስትከፍዪ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ይገኙ። ሴትዮዋ የፈረምሽበትን ወረቀት ሳትመልስና “ሙሉ በሙሉ ተከፍሎኛል” ብላ ሳትፈርም ገንዘቡ እንዳይተላለፍ። ወረቀቱ ጠፍቷል ካለች ያንኑ ጽፋ ትፈርም።

ከዚያ በፊት ሽማግሌዎቹ ከከፈልሽው 28 ሺህ ብር የተወሰነው ከዋናው እንዲታሰብልሽ ይጠይቁልሽ። ይህ ልመና አይደለም። አራጣ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ድርጊት ነው፤ እርሷም ይህን ሳታውቅ አትቀርም፤ ወለዱን ወረቀት ላይ ያላሰፈረችው ለዚህ ይመስለኛል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት። ወደ ሽማግሌዎቹ ከመሄድሽ በፊት ያለሽን ወረቀት ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፤ መብትሽን በትክክል ይንገሩሽ። ከዚያ መክሰስ ወይም አለመክሰስ ያንቺ ውሳኔ ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቅሽኝ፣ ክርክር ተይዞ ወለዱ መቆጠሩን ከሚቀጥል በሽማግሌ የሚገኘውን ቅናሽ ይዘሽ ቶሎ ብትገላገዪ እመርጣለሁ። ትንሽም ብትቀንስልሽ ለሱቁ ዱቤ ይሆናል፤ ምንም ባትቀንስ እንኳ ዝጊው።

ባለቤትሽን ግን ሴትዮዋ ዘንድ ከመሄድሽ በፊት አናግሪው። ይህን ከሥራው ጉዳይ ያስቀደምኩት ያለ እርሱ የሚሆን ስላልሆነ ነው። ማታ ትሠሪያለሽ፤ ገንዘብ ታመጫለሽ፤ ገንዘቡ ግን ቤት ውስጥ አይታይም። ስንት ሳምንት ሳይጠይቅሽ ይቆያል? የባጃጅ ሹፌር ደግሞ የከተማውን ወሬ ሁሉ የሚሰማ ሰው ነው። ከሴትዮዋ ደንበኞች አንዱ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስምሽን ከሚያነሣ ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

የዕቁቡን ዳኛ እንዳነጋገርሽ፣ ልጆቹ በተኙበት ማታ ንገሪው። ደክሞት በገባበት ወይም በሌላ ነገር በተጋጫችሁበት ቀን አይሁን። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ቅረቢ፤ ስንት እንደወሰድሽ፣ ስንት እንደከፈልሽ፣ በምን እንደምትዘጊው። “ለእናቴ ብዬ ነው” በሚለው አትጀምሪ፤ ያንን እርሱ ራሱ ያውቀዋል፤ በመከላከል ከጀመርሽ ወደ ክርክር ነው የምትሄዱት። “ዋሽቼሃለሁ፤ አፍሬ ነው፤ ከዚህ የምንወጣበት መንገድ አግኝቻለሁ፤ አብረኸኝ ሁን” በዪው። ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ። ከአራጣው በላይ የሚጎዳው መዋሸትሽ ነውና ለመቆጣት ምክንያት አለው። ሐራም ነው የሚለውን ካነሣ ደግሞ ካንቺ ጋር ነው ያለው፤ አንቺም ከዚያ ልውጣ ነው የምትዪው። ሃይማኖቱን አጥባቂ የሆነ ሰው ሚስቱ በየወሩ ወለድ መክፈሏን ከምትቀጥል ዛሬውኑ እንዲዘጋ መፈለጉ አይቀርም። ቁጣው ያስፈራኛል ብለሽ የምታስቢ ከሆነ ብቻሽን አትንገሪው፤ አማትሽን ወይም የሚያከብረውን ታላቅ ወንድሙን አስቀምጪ። ሴትዮዋ ዘንድ ሲኬድ ከምስክሮቹ ጋር እርሱ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ዕዳ ያለበት ሰው ለሚይዘው ትርፍ ሥራ እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ መመዘኛ አለኝ፤ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅ። ዕዳ ለመክፈል ተብሎ ሌላ ብድር የተወሰደበት ሥራ ስንቱን ቤት እንደፈታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰዓትሽንና እውቀትሽን ሽጪ፤ ገንዘብሽን አታስይዢ። እንጀራውን የማልደግፈውም በዚህ ነው። ጤፍ በየሳምንቱ መግዛት፣ ተጨማሪ ምጣድ፣ መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ሊጥ፣ በወሩ መጨረሻ እከፍላለሁ ብሎ የሚያዘገይ ምግብ ቤት አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተሽ ጋግረሽ 2 ሰዓት ላይ ገንዘብ ለመቁጠር የምትቀመጪ ሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። እንቅልፍ ያጣ ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ቀን ይሳሳታል፤ በጉድለቱ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። በስልክ የሚሠራ ያልሽው “ይህን ያህል ብር አስገቢ፣ ሰው አምጪ፣ በሳምንት እጥፍ ይሆናል” የሚባለው ከሆነ አትጠጊው፤ ሥራ የሚሰጥ ሰው ከሠራተኛው ገንዘብ አይቀበልም።

ከሁሉ አስቀድሞ ሠርተሽ ያልተከፈለሽን ጠይቂ። በምዝገባ ወቅት እስከ ምሽት እቆያለሁ ብለሻል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስለማግኘትሽ ግን አንድም ቃል አልጻፍሽም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይወስናል። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሠራ በሰዓት የሚደርስሽ ደመወዝ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። አሠሪም ቢሆን በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ትርፍ ሥራ ማሠራት አይችልም። የነሐሴንና የመስከረምን ምሽቶች በቀንና በሰዓት ጽፈሽ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ ካለ ከእርሱ ጋር አመሳክረሽ፣ በትሕትና በጽሑፍ አቅርቢ። አታዘግዪው፤ እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት የሚያስቸግር ሰው ሆኖ ላለፈው እንኳ ባይከፍልሽ፣ የሚቀጥለው ምዝገባ በክፍያ እንዲሆን መነጋገሪያ ይሆንሻል።

ማስጠናቱን እወደዋለሁ። ሒሳብ ታውቂያለሽ፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች በብዛት የሚቸገሩት በሒሳብ ነው፤ የስምንተኞቹ ደግሞ ክልላዊ ፈተና አለባቸው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ ወላጅ ልጁ መሠረት እንዲይዝ ቀደም ብሎ መጨነቅ ጀምሯል። አፋን ኦሮሞንም አማርኛንም አቀላጥፈሽ የምትናገሪ ከሆነ ጅማ ውስጥ ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ልጁ በአንደኛው ያልገባውን በሌላው ታስረጂዋለሽ። የሁለት ወይም የሦስት ጎረቤት ልጆችን በሳምንት ሦስት ምሽት፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት፣ በራስሽ ቤት አስጠኚ። ከቤት ቤት መዞሩ በዝናብና በጨለማ አያዋጣም፤ በዚያ ላይ ያንቺም ልጆች አብረው ይማራሉ። የምትሠሪበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከሆኑ ርእሰ መምህሩን አስቀድመሽ አሳውቂ። ክፍያውን በወሩ መጀመሪያ ተቀበዪ።

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የአንድ ወይም የሁለት ሱቅ መዝገብ መያዝ ትችያለሽ። ሕርማታ መርካቶ አካባቢ ሽያጩንና ወጪውን በደብተር ጥግ ጫር ጫር አድርጎ የሚተው፣ ሐምሌ ላይ ግብር ሲመጣ ግን የሚደናገጥ ነጋዴ ሞልቷል። ከኅዳር እስከ ጥር የቡናው ገንዘብ ከተማው ውስጥ ሲዘዋወር ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ጠይቂያቸው። የዕለት ሒሳብ መመዝገብና የዕቃ ክምችት መቁጠር ያንቺ ሙያ ነው። ኦዲት ማድረግና ሒሳብ አረጋግጦ መፈረም ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ እዚያ ውስጥ አትግቢ። “ሁለት መዝገብ ያዢልኝ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለግብር” የሚልሽ ነጋዴ ከመጣ፣ ከፍ ያለ ክፍያ ቢያቀርብልሽም ተሰናበቺው። ከአራጣ ወጥተሽ ወንጀል ውስጥ እንድትገቢ አልፈልግም።

አማትሽስ? አቅሙና ፈቃዱ ካላቸው፣ በርበሬ በትእዛዝ መሥራት ለእርሳቸው የሚሆን ሥራ ነው። ዝናቡ አልፎ ፀሐይ ሲጠነክር ደመወዝተኛ ሴቶች በርበሬያቸውን የሚቀነጥስላቸው፣ የሚደልዝላቸው፣ የሚያሰጣላቸውና ወፍጮ ቤት የሚያደርስላቸው ሰው ይፈልጋሉ። በርበሬውንም ቅመሙንም ባለቤቷ ገዝታ ታምጣ፤ እናንተ የጉልበት ትከፈላላችሁ፤ ስለዚህ አትከስሩም። በረመዳንም ለኢፍጣር የሳምቡሳ ትእዛዝ ቀብድ ተቀብሎ መሥራት ይቻላል። ከሚገኘው ለእርሳቸው የሚገባቸውን ስጫቸው፤ የቤት ሰው ነው ተብሎ ድካማቸው በነፃ አይታለፍ።

ይህ ሁሉ ሲደመር በወር 3 ሺህ ብር ያመጣል ብለን በጥንቃቄ እንያዝ። አራጣው በኅዳር ከተዘጋ ከታኅሣሥ ጀምሮ 4 ሺህ ብር ይለቀቃል። ሁሉንም ለዕዳ አታውዪው፤ 1,500 ብሩን ወደ ማዕድ ቤትሽ መልሺ። ዱቤው 8 ሺህ የደረሰው ማዕድ ቤቱን ስላስራብሽው ነው። የቀረው 2,500 ከትርፍ ሥራው 3 ሺህ ጋር 5,500 ብር ይሆናል። የሱቁንና የእህትሽን ደምረሽ 53 ሺህ ብር ይቀርሻል። እስከ ሰኔ በሰባት ወር 38,500 ትከፍያለሽ። በሰኔ ዕቁባችሁ ስለሚያልቅ ከሐምሌ ጀምሮ የዕቁቡ 2 ሺህ ብር ይጨመርና በወር 7,500 ይሆናል፤ ቀሪው 14,500 በሐምሌና በነሐሴ ያልቃል። የምዝገባው ትርፍ ሰዓት ቢከፈልሽ ደግሞ ይቀድማል። ማብቂያውን ለልጆችሽና ለባለቤትሽ ንገሪ፤ “እናት እስከ ነሐሴ ነው ማታ የምትሠራው” ብለው ይወቁት። እሑድን በሙሉ ከሥራ ነፃ አድርጊው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። አንድ ወር ገቢው ቢያንስ ደግሞ እንቅልፍሽን አትንኪ፤ ጊዜውን አንድ ወር ግፊው።

ከሁለቱ የሱቁን አስቀድሚ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ክፈዪና አዲስ ዱቤ አትውሰጂ። አማትሽ ሐሙስ ገበያ ወጥተው የሳምንቱን በጥሬ ገንዘብ ቢገዙ ዱቤውን መርሳት ይቀላል። እህትሽ ወለድ አልጠየቀችሽም፤ ያ ማለት ግን ገንዘቡ አያስፈልጋትም ማለት አይደለም። ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ይሁን በሌላ፣ እያንዳንዱ ሪያል ከምን እንደተገኘ አንቺ ታውቂያለሽ። ዛሬውኑ ደውዪላትና ዕቅዱን ንገሪያት፤ ከታኅሣሥ ጀምሮም አንድ ሺህ ብር እንኳ ቢሆን በየወሩ በስሟ ባንክ አስገቢላት።

እናትሽን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሰቃ ውስጥ በግብርና የሚኖሩ ከሆነ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መመዝገብ ይችላሉ። መዋጮው የሚከፈለው በዓመት ነው፤ ምዝገባውም ወቅት አለው። ቀበሌያቸው ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት ጠይቂና ሳያመልጣችሁ አስመዝግቢያቸው። ሁሉንም ሕክምና በየትኛውም ሆስፒታል አይሸፍንም፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ሕመም እንደገና ሴትዮዋ ደጅ እንዳይወስድሽ ያግዛል።

የዕቁቡ ዳኛ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። የጥቅምቱ ዕጣ ሳይወጣ ብታገኚው መልካም ነው።